የብረት ቅስት ድልድይ እንዳይጎብጥ፦ ባክሊንግን ከእጅ ስሌት እስከ ተከላው መከታተል

የብረት ቅስት ድልድይ ስትነድፉ ቶሎ የሚያዘናጋችሁ ቁጥር ስትረስ (በእያንዳንዱ የብረት ስፋት ላይ የሚያርፈው ኃይል) ነው። ሞዴሉን ትሠራላችሁ፣ ጭነቱን ታስገባላችሁ፣ ፕሮግራሙ 50 ሜጋፓስካል ይላችኋል። ብረቱ 355 ይችላል። ልባችሁ እርፍ ይላል። ግን ቅስት በግፊት የሚሠራ አካል ነው፤ በግፊት የሚሠራ ረጅምና ቀጭን ነገር ደግሞ ብረቱ አቅሙን ሳይጨርስ ቅርጹን ቀይሮ ሊወድቅ ይችላል። ባክሊንግ የምንለው ይህንን ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ትንሽ ይለያል። መጀመሪያ «ይሄ ቅስት ቢጎብጥ በየት በኩል ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በወረቀት ላይ ሣሉት። ቅርጹን ካወቃችሁ ግትርነቱን የት እንደምትጨምሩ ታውቃላችሁ፤ ሳታውቁ ብረት ብትጨምሩ ግን ድልድዩ ይከብዳል እንጂ ላይረጋጋ ይችላል። ከታች በቁጥር እንደምናየው አንዱን አቅጣጫ አጠንክሮ ሌላውን እንዳለ መተው በጣም ቀላል ነው።

የሚሄድባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ እና ቅስቱ የተሠራበት ሳጥን ላሜራ (የብረት ሰሌዳ) ብቻውን በቦታው ሲያብጥ። ሦስቱም እርስ በርስ ይነካካሉ፤ ለሥራ ሲባል ግን አንድ በአንድ እንያዛቸው።

ወደ ላይና ወደ ታች፦ መጀመሪያ በእጅ አስሉ

ሁለት ሂንጅ (የሚዞር መጋጠሚያ) ያለው ቅስት አብዛኛውን ጊዜ አናቱ ተጭኖ ቁልቁል አይወርድም። አንዱ ግማሽ ይሰምጣል፣ ሌላው ይነሳል፣ አናቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ጫፎቹ የታሰሩበት ቅስትም እንደዚሁ ነው። የተኛ ኤስ ይመስላል። ስሌቱ ውስጥ የቅስቱ ሙሉ ርዝመት ሳይሆን ግማሹ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካው የአሽቶ ደንብ ለዚህ ግማሽ ርዝመት የሚባዙ ቁጥሮች ይሰጣል። የከፍታው ምጥነት ለስፓኑ (በሁለቱ እግሮች መካከል ላለው ርቀት) ከ0.1 እስከ 0.2 ሲሆን ለሁለት ሂንጅ 1.04፣ ከ0.2 እስከ 0.3 ሲሆን 1.10፣ ከ0.3 እስከ 0.4 ሲሆን 1.16 ነው። ጫፎቹ ከታሰሩ 0.70 አካባቢ ይሆናል። ሦስት ሂንጅ ላለው ከ1.13 እስከ 1.16 ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ስፓኑ 120 ሜትር፣ ከፍታው 24 ሜትር፣ ሁለት ሂንጅ ያለው ፓራቦላ ቅስት ነው። በአንዱ ቅስት ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ጭነት በሜትር 80 ኪሎኒውተን ይሁን፤ 60ው የድልድዩ የራሱ ክብደት፣ 20ው የተሽከርካሪ። ለመነሻ 1 ሜትር ወርድና 1.2 ሜትር ቁመት ያለው፣ በ30 ሚሊሜትር ላሜራ የተበየደ ሳጥን እንውሰድ።

አግድም ግፊቱን ለማግኘት ጭነቱን በስፓኑ ስኩዌር አባዙ፣ ከዚያ ለከፍታው 8 እጥፍ አካፍሉ። 6,000 ኪሎኒውተን ይመጣል። ሩብ ስፓን ላይ ቅስቱ ያዘነበለ ስለሆነ በራሱ አቅጣጫ የሚሸከመው ግፊት ወደ 6,460 ይደርሳል። ሳጥኑ ተቆርጦ ሲታይ የብረቱ ስፋት 0.128 ካሬ ሜትር ነው። አካፍሉት፤ 50 ሜጋፓስካል። መግቢያው ላይ ያልኳችሁ የሚያዘናጋ ቁጥር ይሄ ነው።

አሁን ኦይለርን (አምድ የሚጎብጥበትን ጭነት የሚሰጠውን ቀመር) አምጡ። የቅስቱ ርዝመት 131.6 ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ 65.8። ምጥነቱ ልክ 0.2 ስለሆነ ወደ ጥንቃቄው አድልታችሁ 1.10 ውሰዱ፤ ውጤታማ ርዝመቱ 72.4 ሜትር ይሆናል። የሳጥኑ ኢነርሺያ (ቅርጹ መታጠፍን የሚቋቋምበት መለኪያ) 0.028 ሜትር በ4 ኃይል ነው። ፓይ ስኩዌርን በብረቱ ኢላስቲክ ሞጁለስ (210 ጊጋፓስካል) እና በኢነርሺያው አባዝታችሁ ለውጤታማ ርዝመቱ ስኩዌር ስታካፍሉ 11,050 ኪሎኒውተን ታገኛላችሁ። ለ6,460 ሲካፈል 1.7። ስትረሱ ከአቅሙ አንድ ሰባተኛ ላይ ተኝቶ ሳለ የባክሊንግ ህዳጉ 1.7 ብቻ ነው ማለት ነው።

አሁን የሳጥኑን ቁመት ብቻ ወደ 1.8 ሜትር አሳድጉት። የብረቱ መጠን በ28 በመቶ ይጨምራል። ኢነርሺያው ግን 2.6 እጥፍ ይሆናል፤ የኦይለር ጭነቱ ወደ 29,000 ይዘላል፣ ህዳጉም 4.5 ይደርሳል። ላሜራ ከማወፈር ቁመት መጨመር የሚሻለው ለዚህ ነው። (የጨመራችሁት ክብደት በሜትር 3 ኪሎኒውተን እንኳ ስለማይሞላ እዚህ ላይ ትቼዋለሁ።)

«ስንት ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ዩሮኮድ (የአውሮፓ የግንባታ ደንብ) የሚለው ይህ ህዳግ ከ10 በታች ከሆነ የሁለተኛ ደረጃ ውጤትን (ጉብጠቱ ራሱ የሚጨምረውን ጫና) ማስገባት ግዴታ ነው፤ ድልድዩ ክፉ ነው አላለም። የቻይና የቅስት ድልድይ ደንብ ደግሞ ከ4 እንዳያንስ ይጠይቃል። እኔ በመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ከ4 በታች ካየሁ ሌላ ነገር ሳልነካ ቁመቱን እጨምራለሁ።

ጠፍጣፋ ቅስት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከፍታው ከስፓኑ አንድ አሥረኛ በታች ሲሆን ኤሱ ብቻውን አይበቃም። መሀሉ በአንዴ ቁልቁል የሚገለበጥበት ሌላ መንገድ ይከፈታል። እዚያ ላይ ቅስቱ በግፊቱ ምክንያት ትንሽ ማጠሩ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ከላይ ያለውን ቀመር አትመኑት።

ግማሹ ብቻ ሲጫን

ብዙ ሰው ሙሉ ጭነት ካስገባ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ሙሉ ጭነት ትልቁን ግፊት ይሰጣል፤ እውነት ነው። ቅስቱን የሚያስጨንቀው ግን ተሽከርካሪው በግማሹ ላይ ብቻ ሲቆም ነው፣ ምክንያቱም ያ ጭነት ቅስቱን የሚያጎብጠው ልክ በዚያው በኤሱ ቅርጽ ነው፤ ቅስቱ ራሱ መሄድ ወደሚፈልግበት ይገፋዋል ማለት ነው።

ሩብ ስፓን ላይ የሚፈጠረው ሞመንት (የማጠፍ ጉልበት) የተሽከርካሪው ጭነት በስፓኑ ስኩዌር ተባዝቶ ለ64 ሲካፈል ነው። በምሳሌያችን 4,500 ኪሎኒውተን ሜትር። በዚህ ላይ የግንባታ ጉድለትን ጨምሩ፤ ማንም ቅስት በሥዕሉ ልክ አይተከልም። በዩሮኮድ እንዲህ ላለ የተበየደ ሳጥን ከስፓኑ 500ኛ የሚያህል መዛነፍ ይታሰባል፤ እዚህ 24 ሴንቲሜትር። ግማሹ ሲጫን ግፊቱ 5,650 ገደማ ስለሆነ መዛነፉ ሌላ 1,350 ይጨምራል። ድምሩ 5,850።

ይህ ድምር እንዳለ አይቀርም። ቅስቱ ሲጎብጥ ግፊቱ ከመስመሩ ይርቃል፣ ሞመንቱ ያድጋል፣ ቅስቱ ይበልጥ ይጎብጣል። ማባዣውን ለማግኘት 1ን ለህዳጉ አካፍሉ፣ የመጣውን ከ1 ቀንሱ፣ ከዚያ 1ን ለቀሪው አካፍሉ። ለ1.2 ሜትሩ ሳጥን በዚህ ጭነት ህዳጉ 1.95 ነው፤ ሞመንቱ 2.05 እጥፍ ይሆናል። ከግፊቱ ጋር ስትደምሩት ስትረሱ ወደ 300 ሜጋፓስካል ይወጣል። ንፋስ አልመጣም፣ ሙቀት አልመጣም፣ የደህንነት ማካፈያውም ገና ነው። ለ1.8 ሜትሩ ህዳጉ 5.1፣ ማባዣው 1.24፣ ስትረሱ ደግሞ 125 አካባቢ ነው። አንድ አራተኛ በሚያህል ተጨማሪ ብረት ስትረሱ ከግማሽ በታች ወረደ።

መንገዱ በቀጥ ያሉ ማንጠልጠያዎች ከተንጠለጠለ የወለሉ ዋና ምሰሶ ከቅስቱ ጋር አብሮ ስለሚጎብጥ የሁለቱን ግትርነት መደመር ትችላላችሁ። ማንጠልጠያዎቹ ዘንበል ብለው እርስ በርስ በተደጋጋሚ ከተሻገሩ (ኔትወርክ አርች የሚባለው) ግማሽ ቅስት የሚያህለው ኤስ ቦታ ያጣል፤ የመጉበጫው ርዝመትም በጣም ያጥራል። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው የፌማርንዙንድ ድልድይ 248 ሜትሩን የሚሻገረው በዚህ ዘዴ ነው።

ወደ ጎን

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ድልድይ ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ሞድ (የመጉበጫ ቅርጽ) ይሄኛው ነው።

የቅድሙን ሳጥን ወደ ጎን እንመርምረው። እግሮቹ በጎን በኩል ፍጹም ታስረዋል ብለን ብናስብና እንደ ቀጥ ያለ አምድ ብናሰላው እንኳ ለ1.2 ሜትሩ ህዳጉ 1.6 ነው። ለ1.8 ሜትሩስ? 2.2 ብቻ። ወደ ላይና ወደ ታች ከ1.7 ወደ 4.5 የዘለለው ሳጥን ወደ ጎን ሲታይ ያን ያህል አልተንቀሳቀሰም። እውነተኛ ቅስት ደግሞ ወደ ጎን ሲሄድ አብሮ ስለሚጠማዘዝ ቁጥሩ ከዚህም ሊወርድ ይችላል።

መፍትሔው ሁለቱን ቅስቶች ማያያዝ ነው። በ12 ሜትር ርቀት የቆሙ ሁለት ቅስቶች እንደ አንድ አካል ከሠሩ የጎን ኢነርሺያቸው ለየብቻ ከቆሙት ድምር 200 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህ ግን በወረቀት ላይ ነው። የምታገኙት ብሬሲንጉ (ሁለቱን ቅስቶች የሚያያይዙት ብረቶች) በፈቀደላችሁ ልክ ነው። ኤክስ ወይም ኬ ብሬሲንግ ሦስት ማዕዘን ስለሚሠራ ግትር ነው፤ አብዛኛውን ጥቅም ይሰጣችኋል። ቀጥ ያሉ ማገናኛዎች ብቻ ካደረጋችሁ (መሰላል መሳይ ቅርጽ ማለት ነው) ግትርነቱ በሙሉ በማገናኛዎቹ መታጠፍና በመጋጠሚያዎቹ ላይ ይወድቃል። ዓይን ይማርካል፤ አርክቴክቶችም ይወዱታል። ከመረጣችሁት ማገናኛዎቹን ወፍራም አድርጉ፣ መጋጠሚያውንም እንደ ሂንጅ ሳይሆን እንደ እውነተኛ ፍሬም ንደፉት።

ለብሬሲንጉ ጉልበት በተለምዶ ከቅስቱ ግፊት 1 ወይም 2 በመቶ ይወሰዳል። በዚያ ብቻ አትርኩ። ብሬሲንግ ጉልበቱን ስለቻለ ብቻ ቅስቱን ያዘ ማለት አይደለም፤ ለስላሳ ከሆነ አብሮት ይሄዳል።

የምትደክሙበት ቦታ እግሩ አካባቢ ነው። መንገዱ በመሀል ስለሚያልፍና የጭነት መኪና ከፍታ ስለሚያስፈልግ ብሬሲንጉን እስከ ታች ማውረድ አይቻልም። ስለዚህ ከወለሉ እስከ መጀመሪያው ብሬሲንግ ያለው የቅስት ክፍል ባዶውን ይቀራል። ከላይ ያለው ብሬሲንግ የሰበሰበው የንፋስ ጉልበት በሙሉ ደግሞ በዚያ በኩል ነው የሚወርደው። በሁለቱ ቅስቶችና በመጀመሪያው ማገናኛ መካከል ያለውን በር መሰል ፍሬም ለብቻው አውጥታችሁ እዩት። ማገናኛውን ከሌሎቹ ጥልቅ አድርጉት፤ ሳጥኑንም እግሩ ጋ ወደ ጎን ሰፋ አድርጉት።

ቅስቶቹን ወደ ውስጥ አዘንብሎ አናታቸውን ማቀራረብም ይሠራል። ሻንግሃይ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተውና 550 ሜትር የሚሻገረው የሉፑ ድልድይ የሳጥን ቅስቶቹ እንዲህ ዘንበል ያሉ ናቸው። ማገናኛዎቹ ያጥራሉ፣ የጎን ግትርነቱም ይጨምራል።

አንድ የማይዘነጋ ነገር ደግሞ አለ። መንገዱ ከቅስቱ በታች ሲንጠለጠል ማንጠልጠያዎቹ ይረዷችኋል። ቅስቱ ወደ ጎን ሲሄድ ማንጠልጠያው ይዘነበላል፤ የታችኛው ጫፉ በወለሉ ስለተያዘ መጎተቱ ቅስቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። መንገዱ ከቅስቱ በላይ በአምዶች ሲቆም ተቃራኒው ነው፤ አምዱ ዘንበል ሲል ቅስቱን ወደሄደበት ይበልጥ ይገፋዋል። ሁለቱ ድልድዮች ላይ ያለው ቅስት አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ህዳጋቸው አንድ አይሆንም።

ላሜራው

ሳጥኑ ግድግዳ አለው፤ ግድግዳውም ብቻውን ሊያብጥ ይችላል። ደንቡ ቀላል ነው። በዩሮኮድ በሁለት ጎን የተያዘና እኩል የተጨመቀ ላሜራ ወርዱ ለውፍረቱ ሲካፈል ለ355 ብረት ከ34 መብለጥ የለበትም። በአንድ ጎን ብቻ ለተያዘ 11 ነው። የኛ 1.8 ሜትር ሳጥን የጎን ግድግዳ 1,740 ለ30 ሲካፈል 58 ስለሚሆን አያልፍም። መሀሉ ላይ አንድ የቁመት ስቲፍነር (ማጠንከሪያ ብረት) ብትበይዱ ግን እያንዳንዱ ክፍል 29 ይሆናል። ላሜራውን ወደ 52 ሚሊሜትር ከማወፈር ጋር አወዳድሩት፤ ስቲፍነሩ በብዙ ይረክሳል። ስቲፍነሩ ራሱም ቀጭን ሆኖ እንዳይጎብጥ በዚያው ደንብ ፈትሹት።

ስቲፍነር የሚከዳችሁ በሚቋረጥበት ቦታ ነው። ዲያፍራም (በሳጥኑ ውስጥ ያለ መስቀለኛ ግድግዳ) ጋ ሲደርስ አልፎ ይሂድ ወይም በሙሉ ብየዳ ይያያዝ። በሳይት ላይ የሚገጣጠሙ ሁለት የሳጥን ቁራጮች መካከል ለብየዳ ተብሎ የተተወውን ክፍተት በኋላ ሞልታችሁ ዝጉት። በሥዕል ላይ ትንሽ መስመር ናት፤ ግፊቱ ግን እዚያም ያው ነው።

ብየዳ ራሱ ስትረስ ጥሎ ያልፋል። ጥጉ ላይ ያለው ብረት ሲቀዘቅዝ ይወጠራል፣ የላሜራው መሀል ደግሞ ጭነት ሳይመጣበት ይታመቃል። ደንቦች የኦይለርን ቁጥር የሚያወርዱት በዚህና በመዛነፉ ምክንያት ነው። የ1.8 ሜትሩ ሳጥን 29,000 በዩሮኮድ ከርቭ ቢ (አቅሙን የሚያወርደው የደንቡ መስመር) ሲታይ ወደ 21,800 ይወርዳል፣ ያውም ከደህንነት ማካፈያው በፊት።

ኮምፒውተሩ ጋ ስትሄዱ

የእጅ ስሌቱን ይዛችሁ ግቡ። የአይገን ቫልዩ ትንተና (የመጉበጫ ጭነቶችንና ቅርጾችን የሚያወጣውን) ሥሩ፣ የመጀመሪያዎቹን 10 ሞዶች አውጡ፣ ቁጥሩን ከማንበባችሁ በፊት ቅርጹን ተመልከቱ። በሁለት ማንጠልጠያ መካከል ቢያንስ አራት ኤለመንት (ሞዴሉ የሚከፋፈልበት ቁራጭ) ይኑር። ማንጠልጠያው ውስጥ ያለው ውጥረት በትንተናው መግባቱን አረጋግጡ፤ ካልገባ ከላይ ያልኩት የመመለስ ጉልበት ይጠፋል። አንዳንዴ የመጀመሪያዎቹ ሞዶች የአንድ ቀጭን ብሬሲንግ መጉበጥ ብቻ ይሆናሉ፤ እነሱን ለብቻ መዝግባችሁ ወደ ቅስቱ ሞድ እለፉ።

ኮምፒውተሩ 9 ብሎ እጃችሁ 4.5 ካለ አትደሰቱ። ወይ ወለሉ እየረዳ ነው፣ ወይ እግሩ ላይ ሳታስቡት አስራችሁታል። የትኛው እንደሆነ እስክታውቁ አትለፉ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ሞድ ቅርጽ በመዛነፍ መልክ ሞዴሉ ላይ አስገቡና የጂኦሜትሪና የብረቱን መለዘብ የሚያስገባ ኖንሊኒየር ትንተና ሥሩ። አንዴ ለኤሱ፣ አንዴ ለጎኑ። ጭነቱን እያሳደጋችሁ የአናቱንና የሩብ ስፓኑን እንቅስቃሴ በግራፍ አውጡ። ግራፉ ቀስ ብሎ የሚታጠፍ ከሆነ ድልድዩ ያስጠነቅቃል። ቀጥ ብሎ ሄዶ በአንዴ የሚቆረጥ ከሆነ ህዳጉ በቂ ቢመስልም ንድፉን እንደገና እዩት።

ተከላው

እስካሁን ያሰላነው ያለቀ ድልድይ ነው። ቅስት ግን እስኪገጥም ድረስ ቅስት አይደለም። ግማሽ ቅስት ከእግሩ ተነስቶ በአየር ላይ ሲቆም ድጋፉ ሌላ ነው፣ ርዝመቱ ሌላ ነው፣ ብሬሲንጉም ገና አልሞላም። የሲድኒ ሃርበር ድልድይ ሲሠራ እያንዳንዱ ግማሽ በ128 ገመዶች ወደ ኋላ ተይዞ ነበር፤ ሁለቱ ግማሾች የተገናኙት እ.ኤ.አ. በኦገስት 1930 ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተከላ ደረጃ የራሱን የባክሊንግ ትንተና ሥሩ። የወለሉ ኮንክሪት ሲሞላ ከሁለቱም ጫፍ እኩል ይሂድ፤ ግማሹን ሞልታችሁ ከቆማችሁ የኤሱን ጭነት ራሳችሁ አስቀመጣችሁት ማለት ነው።

የተተከለውን ቅርጽ በየደረጃው ለኩ፣ ስሌቱ ውስጥ ካስገባችሁት 24 ሴንቲሜትር ጋር አነጻጽሩ። መለካት ብቻውን ግን አይበቃም። ካናዳ ውስጥ የኩቤክ ድልድይ ሲሠራ (ቅስት ሳይሆን ካንቲሊቨር፣ ማለትም በአንድ ጫፉ ብቻ ተይዞ ወደ ፊት የሚዘረጋ ነው) የታችኛው የግፊት አካል መጉበጥ ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1907 በመጀመሪያው ልኬት 19 ሚሊሜትር፣ ኦገስት 27 ላይ 57 ሚሊሜትር ተለካ። ከመጀመሪያውም የጎበጠ ነበር፣ አልነበረም የሚል ክርክር ተነሳ። ጭነት እንዳይጨመር የሚለው መልእክት ሳይቱ ጋ ሳይደርስ ኦገስት 29 ላይ ድልድዩ ወደቀ፤ 75 ሠራተኞች ሞቱ።

ስለዚህ የመለኪያ ሰነዱ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የተገጠመበት ቀን የተለካውን ቅርጽ፣ ሥራ የሚቆምበትን ሚሊሜትር፣ እና ማንንም ሳይጠይቅ ሥራ የሚያስቆመውን ሰው ስም። ያ ሰው ሳይቱ ላይ የሚውል ይሁን።